አባት ሲያርፍ ትዝታውን እንዴት እናቆየው? ከለቅሶ ቤት እስከ ሙት ዓመት

የአባቴ ስም ከእኔ ስም ቀጥሎ ተጽፏል። ልጆቼ ስም ላይ ግን የለም። እነሱ የሚጠሩት በአባታቸውና በአባታቸው አባት ነው። ወንድሜ ወንድ ስለሆነ ትንሽ ይሻላል፤ የእሱ ልጆች መታወቂያ ላይ አባዬ ሦስተኛ ስም ሆኖ አለ። የእነሱ ልጆች ሲወለዱ ግን እዚያም ያበቃል። ማንም አይሰርዘውም። የሚጻፈው ሦስት ስም ነው፤ አራተኛው ቦታ የለውም።

ይህ የገባኝ ለቅሶው ካለፈ በኋላ ነው፤ የልጄን የትምህርት ቤት ፎርም ስሞላ። እስከዚያ ድረስ "አባዬማ መቼም አይረሳም" ባይ ነበርኩ።

አባዬ ያረፈው ጥር 5 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። የመንዝ ሰው ነው። በልጅነቱ አዲስ አበባ መጥቶ ልብስ ሰፊ ሆነ፣ መርካቶ አካባቢ መኪናው ላይ አጎንብሶ አረጀ። ለዘመዱም ለሰፈሩም ትልቅ ሰው ነበር። የተጣላ የሚታረቀው፣ ሽማግሌ የሚላከው፣ ልጅ ከመዳሩ በፊት የሚመከረው እሱ ዘንድ ነበር። ከዚህ በታች ያለው በአንድ ዓመት ውስጥ ቤተሰቡ ያደረገው ነው። ያበላሸነውንም አልደበቅኩም፤ ከደረጀው ይልቅ የተበላሸው ያስተምራልና።

1. ለቅሶ ቤት ውስጥ ጸሐፊ ይኑር

ድንኳኑ ሲተከል እድሩ ወንበሩንም፣ ድስቱንም፣ ሰዉንም ያመጣል። የማያመጣው አንድ ነገር ነው፤ የሚጽፍ ሰው።

አስቡት። አባታችሁን ያወቀ ሰው ሁሉ በሦስት ቀን ውስጥ አንድ ቦታ ይመጣል። የአገር ቤት ዘመድ፣ የድሮ ጎረቤት፣ አብሮት ሥራ የጀመረ ሰው፣ ሃያ ዓመት ያላያችሁት አክስት። ከዚያ በኋላ አይሰበሰቡም። እናንተ ደግሞ በዚያን ሰዓት ማን እንደመጣ እንኳ አታውቁም። ስለዚህ ሐዘኑ ያልሰበረው አንድ ሰው ምረጡ። የእህት ልጅ ይሁን፣ አማች ይሁን፣ የልጆቻችሁ ጓደኛ ይሁን። ደብተር ይያዝና አራት ነገር ይጻፍ፦ ስም፣ ከየት እንደመጣ፣ አባታችሁን በምን እንደሚያውቀው፣ ስልክ። እኛ ቤት ይህን የሠራችው የ17 ዓመት የእህቴ ልጅ ናት። ማንም አላዘዛትም። በኋላ ለሠራነው ሁሉ መነሻ የሆነን ያ ደብተር ነው።

ጸሐፊው ማታም ይቆይ። ቀን ቀን ለቅሶ ነው፤ ወሬ የለም። ማታ ድንኳን ውስጥ ካርታ ሲጫወቱ የሚያድሩት ሰዎች ናቸው ጨዋታውን የሚያመጡት። "እሱኮ አንድ ቀን..." ብለው ሲጀምሩ ቢያንስ አርዕስቱ ይጻፍ፤ ዝርዝሩን በኋላ ትጠይቃላችሁ።

የሚቆጨኝ አንድ ነገር አለ። የአባዬ ታላቅ እህት ከመንዝ መጥታ ሙሾ አወረደች። ረጅም ነበር፤ የአያቶቹን ስም እየጠራች፣ ሙያውን እያነሳች። ማንም አልቀዳውም። ሁላችንም ከለቅሶው ተርፎን የያዝነው ሁለት ስንኝ ብቻ ነው፦

የሰውን ቀዳዳ ሲጥፍ የኖረው፣
የቤቱን ቀዳዳ ለማን ነው የተወው?

ስልክ ደቅኖ ማልቀስን መቅረጽ ያስነውራል፤ አውቃለሁ። ግን ቀስ ብሎ፣ አልቃሿን አስፈቅዶ፣ ድምፅ ብቻ መቅዳት ይቻላል። እሷን በኋላ ስጠይቃት "ልጄ፣ እሱ የወጣው ከልቅሶ ጋር ነው፤ አሁን ከየት አመጣዋለሁ?" አለችኝ።

ስለ መርዶ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ውጭ ያለ ልጅ ሳይረዳ ፌስቡክ ላይ ፎቶ የሚለጥፍ የሩቅ ዘመድ አይጠፋም። ለሁሉም ቀድማችሁ አስጠንቅቁ። ወንድሜ የሚኖረው ሜሪላንድ ነው፤ እዚያ ያሉ የሰፈራችን ልጆች ማልደው ቤቱ ሄደው አረዱት፣ እዝኑንም አምጥተው አብረውት ተቀመጡ። ደግ አደረጉ።

2. ስልኩን አትዝጉት

ይህ ከአርባ በፊት ያልቅ። የብዙ ሰው ድምፅ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው።

አባዬ መጻፍ አይወድም ነበር። ቴሌግራም ላይ ድምፅ ነበር የሚልከው፤ ለዱባይዋ እህቴ ብቻ ከሁለት መቶ በላይ ልኮላታል። "ደህና ነሽ ወይ? በልተሻል? እዚህ ዘንቧል።" ይኸው ነው። ዛሬ ቤታችን ውስጥ ከእነዚያ የሚበልጥ ንብረት የለም።

የምታደርጉት ይህ ነው። ሲም ካርዱን በሥራ ላይ አቆዩት፤ ለረጅም ጊዜ ያልተነካ ቁጥር ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል። ዋትስአፕ 120 ቀን ያልተከፈተ አካውንት ይሰርዛል። ቴሌግራምም ብዙ ወር ዝም ያለውን ራሱ ያጠፋል። ስለዚህ መጀመሪያ ድምፆቹን አውጡ። ቴሌግራምን ኮምፒውተር ላይ ከፍታችሁ የአንድን ሰው ንግግር ከነድምፁና ከነፎቶው በአንዴ ማውረድ ይቻላል። ከዚያ ቢያንስ ሦስት ቦታ አስቀምጡት፦ አንድ ፍላሽ፣ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ደግሞ ኢንተርኔት ላይ፤ ጎግል ድራይቭም ይሁን ሌላ። ፍላሽ ብቻ አትመኑ። ልብስ ኪስ ውስጥ ሆኖ ይታጠባል። ከእኛው አንዱ ታጥቧል።

3. ቀን አቆጣጠር፣ ተዝካርና የክርስትና ስም

እኛ ኦርቶዶክሶች ነን፤ ሠልስት፣ ሰባት፣ አሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት እያልን ቆጠርን። የሞተበት ቀን አንድ ተብሎ ነው የቆጠርነው። ወራችን ሠላሳ ሠላሳ ስለሆነ ሒሳቡ ቀላል ነው። ጥር 5 ካረፈ ሰባቱ ጥር 11 ላይ ይውላል፤ ጥምቀት! ሰፈሩ ታቦት አጅቦ ሆ ሲል እኛ ጥቁር ለብሰን በረንዳ ላይ ቆመን ነበር። አርባው የካቲት 14፣ ሰማንያው መጋቢት 24። ጳጉሜ መሐል ከገባች ግን ተጠንቀቁ፤ አምስት ናት ወይስ ስድስት የሚለውን አረጋግጡ።

ውጭ ያለ ወንድም ካላችሁ ደግሞ ይህን ንገሩት። አባዬ ያረፈበት ጥር 5 በፈረንጅ ጃንዋሪ 13 ነበር። ሙት ዓመቱ፣ ጥር 5 ቀን 2016፣ የዋለው ጃንዋሪ 14 ላይ ነው። የ2015 ጳጉሜ ስድስት ቀን ስለነበረች ነው። ወንድሜ እዚያ ጸሎት ያስያዘው በ13 ሆነና ከእኛ አንድ ቀን ቀደመ።

የጾሙንም ነገር አስቀድማችሁ እዩ። የእኛ አርባ የዋለው ዐቢይ ጾም በገባ በሁለተኛው ቀን ነው። በሬ ይታረድ ያለ ዘመድ ነበር፤ ጾሙ አፉን ዘጋው። ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ፣ ጎመን፣ ዳቦ፣ ጠላ። በእውነት ለኪሳችን ተመስገን ነበር። ሰሙነ ሕማማት ላይ ደግሞ ፍትሐት የለም፤ በሆሳዕና ዕለት ቀድሞ የሚደረገው ለዚህ ነው። ቀኑ እዚያ ሳምንት ውስጥ ከወደቀ ንስሐ አባታችሁን ቀድማችሁ አማክሩ።

ስለ ድግሱ የኔ አቋም ግልጽ ነው። ለተዝካር ብሎ የሚበደር ሰው አባቱን አላከበረም፤ ጎረቤቱን ነው የፈራው። ካህናቱ ይጸልዩ፣ ነዳያን ይብሉ። ከዚያ የተረፈው ለይሉኝታ ነው። እኛ አርባውን አወጣን፤ ሰማንያውን በጸሎትና በጸበል ጻድቅ ብቻ አሳለፍነው። ከሰማንያው የተረፈው ብር ነው በኋላ የማስታወሻውን መጽሔት ያሳተመው።

ከሁሉ በፊት ግን የክርስትና ስሙን ያዙ። ፍትሐቱ ላይ ቄሱ ዞር ብለው "የክርስትና ስማቸው?" አሉ። አምስት ልጆች ቆመናል። አምስታችንም ተያየን። እናቴ ራሷን ስታ ውጭ ነበረች። በመጨረሻ አክስቴ ከሴቶቹ በኩል ጮክ ብላ ተናገረችው። መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሰው በጸሎት የሚታሰበው በዚያ ስም ነውና ዛሬውኑ ጠይቁ፤ አባታችሁ በሕይወት ካለ ራሱን፣ ከሌለ ክርስትና አባቱን፣ ንስሐ አባቱን ወይም የጽዋ ማኅበሩን ሰዎች። እኔ የራሴን ለልጆቼ ጽፌ ቁም ሳጥን በር ላይ ለጥፌዋለሁ።

ሙስሊም ቤተሰብ መንገዱ ይለያል። ተዕዚያው ሦስት ቀን ነው፣ ሚስት ዒዳዋን አራት ወር ከአሥር ቀን ትቀመጣለች፣ ዕዳው ውርስ ከመከፋፈሉ በፊት ይከፈላል፣ መታሰቢያው በዱዓና በሰደቃ ነው፤ በአባት ስም ጉድጓድ ማስቆፈርን የመሰለ ቀጣይ ሰደቃም አለ። ጴንጤ ዘመዶቻችን ደግሞ ለሞተ አይጸልዩም፤ የምስጋና ፕሮግራም አድርገው ስለ ሕይወቱ ይመሰክራሉ። ቤተሰባችሁ የተቀላቀለ ከሆነ ሁሉም በየወጉ ያድርግ። የሚቀጥሉት ደረጃዎች ግን ለሁሉም ይሆናሉ።

4. መቼ ተወለደ?

የመታወቂያውን አትመኑ። የአባዬ መታወቂያ 1938 ይላል። ቀበሌ ሄዶ "ስንት ልበል?" ብሎ ያስጻፈው ነው፤ ራሱ እየሳቀ ነግሮናል።

የድሮ ሰው ልደቱን የሚያውቀው በዘመን ነው፤ በቀን አይደለም። ስለዚህ ታላላቆቹን "መቼ ተወለደ?" ብላችሁ አትጠይቁ። "ጣሊያን ሲገባ ነበረ? ጃንሆይ ሲመለሱስ? ያኔ ይሄድ ነበር ወይስ ይታዘል ነበር?" በሉ። አክስቴ "ጃንሆይ ሲመለሱ ዳዴ ይል ነበር" አለች። ጃንሆይ አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ነው። ዳዴ የሚል ልጅ ዓመት አካባቢ ነው። ስለዚህ 1932። ስድስት ዓመት ተገኘ ማለት ነው።

የቀረውን ሕይወቱንም በዚሁ መንገድ አሰለፍነው። አንድ ትልቅ ወረቀት ላይ መስመር አሰምሩ። ከላይ የአገሩን ነገር ጻፉ፦ ጣሊያን አዲስ አበባ የገባበት ሚያዝያ 27 ቀን 1928፣ የታኅሣሥ ግርግር 1953፣ ንጉሡ የወረዱበት መስከረም 2 ቀን 1967፣ የገጠር መሬት የታወጀበት የካቲት 25 ቀን 1967፣ የሶማሌ ጦርነት 1969 እና 70፣ የሰባ ሰባቱ ድርቅ፣ ግንቦት 20 ቀን 1983። ከታች የእሱን ጻፉ። "ግርግሩ ጊዜ የት ነበር?" ሲባሉ ሽማግሌዎች ወዲያው ያስታውሳሉ። አንዱ የሥራ ጓደኛው "ተኩሱ ሲጀመር ሱቅ ውስጥ ጨርቅ ጥቅል ሥር ገብተን አደርን" አለኝ። አባዬ ይህን ለእኛ አንድም ቀን አላወራም።

ውጭ ላላችሁ፦ የእኛን ዓመት ወደ ፈረንጅ ስትቀይሩ ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር መጨረሻ 7፣ ከጃንዋሪ እስከ ጳጉሜ መጨረሻ 8 ትጨምራላችሁ። ይህን ያነሳሁት በምክንያት ነው፤ ሐውልቱ ላይ እመለስበታለሁ።

5. ሰዎቹን ጠይቁ፣ ግን እንዲህ ብላችሁ አትጠይቁ

"አባዬ ምን ዓይነት ሰው ነበር?" ያልኩት የመጀመሪያው ሰው "ደግ ሰው ነበር፣ ነፍሱን ይማረው" አለ። ሁለተኛውም። ሦስተኛውም። ሦስት ቀን ያለ ፋይዳ ዞርኩ።

ሟች ሁሉ ደግ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ትንሽና የሚጨበጥ ይሁን። መጀመሪያ ያዩት የት ነው? ምን ለብሶ ነበር? ምን ያናድደው ነበር? ተጣልታችሁ ታውቃላችሁ? ማን አስታረቃችሁ? ገንዘብ ተበዳድራችኋል? ምን ሲበላ ደስ ይለው ነበር? አንድ የድሮ ጎረቤታችን ሴትዮ "ተጣልታችሁ ታውቃላችሁ?" ስላት ሳቋ መጣ። ለሠርጓ የሰፋላትን ቀሚስ እጅጌ አጥብቦባት ስድስት ወር ተኳርፈዋል። በመጨረሻ እጅጌውን ፈትቶ ያለ ዋጋ ሠርቶ፣ ቤቷ ድረስ አምጥቶ "ልብሱ ይለቅ፣ ለባሹ ይሰንብት" ብሎ መረቃት። ለሁላችንም አዲስ ልብስ በለበስን ቁጥር የሚላት ምርቃት ናት። ከዚያ ጠብ የመጣች መሆኗን ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

ከትልቁ ጀምሩ። በዕድሜ የገፋውን ሰው "ከፋሲካ በኋላ" አትበሉት። እኔ ብዬ አንዱን አጣሁት።

ቡና ይፈላ። አቦሉ ላይ ስለ ጤናና ስለ ኑሮ ውድነት ነው የሚወራው። ቶናው ላይ ትንሽ ይከፈታል። ወሬው የሚመጣው በረካ ላይ ነው። ስትቀዱ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጡት፤ የሲኒው ኳኳታ ድምፁን ይበላዋል። የታጠፈ ጋቢ ላይ አኑሩት። እንደምትቀዱ ንገሩ። "ይህን አጥፊው" ካሉ አጥፉ፣ ከልባችሁም አጥፉት።

ማንን እንደምትጠይቁ ካልገባችሁ ከሙያው ተነሱ። አባዬ የልክ ደብተር ነበረው። ወገብ፣ ትከሻ፣ ቁመት፣ ከጎኑ ስም። የግማሽ ሰፈር ሰው እዚያ ውስጥ አለ፤ የሞቱት ሳይቀሩ። የአስተማሪ ልጅ የድሮ ተማሪዎቹን ይፈልግ፣ የሹፌር ልጅ ረዳቶቹን፣ የገበሬ ልጅ ደቦ አብረው የወጡትን።

የማይመች ነገርም ይወጣል። ለቅሶ ላይ የማይታወቅ ልጅ "እኔም ልጁ ነኝ" ብሎ የሚመጣበት ቤት ብዙ ነው። እኛ ጋ ያ አልሆነም፤ ሌላ ነገር ግን ወጣ፤ አልነግራችሁም። እናቴን ጠየቅናት፣ "እኔ እያለሁ አይጻፍ" አለች፤ አልተጻፈም። ድምፁ ግን አለ። ሕያው የሆነ ሰው ከሞተው ይቀድማል ብለን ወሰንን።

6. የዘር ሐረግ

ይህ አጭር ነው። ሰባት ቤት ቆጥራችሁ ጻፉ። ግን በአባት በኩል ብቻ አትቁጠሩ፤ ሴቶቹ የሚጠፉት በዚህ ነው። በየትውልዱ የእናትየዋን ስም ከነአገሯ ጠይቁ። አክስቴ በአባቷ በኩል ሰባት፣ በእናቷ በኩል ዘጠኝ ቆጠረችልኝ፤ ያለ ወረቀት፣ ጥጥ እየፈተለች።

7. ፎቶና ዕቃ

የድሮ ፎቶ ከአልበም ላይ አትገንጥሉ፤ የተጣበቀው ይቀደዳል። እንዳለ መስኮት አጠገብ አድርጋችሁ፣ ፀሐይ በቀጥታ ሳያርፍበት፣ ያለ ፍላሽ በስልክ አንሱት። ጀርባውንም አንሱ፤ የፎቶ ቤቱ ማኅተምና የእጅ ጽሑፍ አለ። ስም የምትጽፉ ከሆነ በለስላሳ እርሳስ ጻፉ፤ የእስኪርቢቶ ቀለም ወደ ፊት ያልፋል። ፎቶውን ለሽማግሌ ስታሳዩ "ይህ ማን ነው?" ብቻ አትበሉ፤ "ከኋላ የሚታየው ቤት የማን ነው?" በሉ።

ዕቃውን ከአርባ በፊት አትከፋፈሉ። ሐዘን ላይ ሰው በጋቢ ይጣላል። ልብሱ ለችግረኛ ይሰጥ፣ ግን ሁሉም በአንድ ቀን አይውጣ። የእኛ ደንብ እንዲህ ነበር፦ እያንዳንዱ አንድ ነገር ይመርጣል፣ ለምን እንደመረጠ ይናገራል፣ የተናገረው ይጻፋል። እናቴ ከመንዝ የመጣውን በርኖስ ወሰደች። ወንድሜ መቀሱን፤ ሻንጣው ውስጥ ይሁን እንጂ በእጅ እንዳይዘው ነገርነው። ሲንጀሯ እኔ ቤት ናት። ትሰፋለች፤ እኔ ነኝ የማልሰፋው።

8. ወንበሩ

ብዙ ቤተሰብ የሚበተነው እዚህ ጋ ነው። አባት ሲሞት ሰው ብቻ አይጎድልም፤ የሚዳኝ ይጎድላል። አባዬ ሲያርፍ ያልተቋጩ ሦስት ጉዳዮች ነበሩ፦ የሁለት የአክስት ልጆች የቤት ኪራይ ጠብ፣ አንድ ያልተመለሰ ብድር፣ አንድ ያልገባ ስለት። የእናንተን አባት ጉዳዮች ከእናታችሁና ከሽማግሌ ጓደኞቹ ጠይቃችሁ ዝርዝር ያዙ። ስለቱን አስገቡ። ዕዳውን ክፈሉ። በእሱ ላይ ያለውን ክፈሉ እንጂ ለእሱ ያለውን ለማስከፈል አትሩጡ። በልክ ደብተሩ ጠርዝ ላይ የቀሪ ሒሳብ ዝርዝር ነበር፤ ተነጋግረን ተውነው።

ዳኝነቱን ማን ይያዝ? ታላቅ ልጅ ስለሆነ ብቻ አይሆንም። ታላቅ እኔ ነኝ፤ ትዕግሥት የለኝም፣ ሁሉም ያውቃል። መጀመሪያ የእሱን ዘዴ ጻፍን። ሁለቱን ተጣዪዎች ለየብቻ ነበር የሚሰማው፣ ያውም በተለያየ ቀን። ሳይበሉ አያናግርም። ማታ ፍርድ አይሰጥም፤ "እደሩበት" ይላል። ጥፋተኛውን በሰው ፊት ጥፋተኛ አይለውም፤ ቀድሞ ለብቻው ይነግረውና በሰው ፊት ራሱ ይቅርታ እንዲጠይቅ ያደርጋል። ይህን ከጻፍን በኋላ ማን ይችለዋል ስንል አክስቴና ታናሽ ወንድሜ ላይ ተስማማን፤ አብረው። የኪራዩ ጠብ አምስት ወር ፈጀ። አባዬ ቢሆን ሁለት ሳምንት።

9. ሐውልቱ

መጀመሪያ የቤተ ክርስቲያኑን ሰበካ ጉባኤ ስለ መጠኑና ስለ ክፍያው ጠይቁ፤ የመቃብሩን ደረሰኝ ፎቶ አንስታችሁ ለሁሉም ላኩ። ጽሑፉ አጭር ይሁን። ሙሉ ስም፣ የክርስትና ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ ሁለት ዓመተ ምሕረት። "እዚህ ያረፉት" ብሎ ግጥም የሚደረድር አለ፤ ድንጋዩ ቦታ የለውም፣ በፊደል ነው የሚከፈለው።

ከመቀረጹ በፊት በወረቀት አትማችሁ፣ ሦስት ሰው ለየብቻ ያንብበው። እኛ ይህን አላደረግንም። ጽሑፉን የላከው ወንድሜ ነበር፣ ከሜሪላንድ፣ በሌሊት። የልደቱን 1932 አለ፤ በእኛ ነው። የዕረፍቱን 2023 አለ፤ በፈረንጅ ነው። ጠራቢው የታዘዘውን ቀረጸ፤ ምን ያድርግ? መርቀን ስንገልጠው አባዬ ገና ባልደረሰ ዓመት ሞቷል። እናቴ ያን ቀን ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቀችው። "ስምንት ዓመት ጨመራችሁለት፣ ምነው ለእኔ ቀድማችሁ ብትነግሩኝ" አለች። ድንጋዩ ተቀየረ፣ ሒሳቡም ከእኛው ወጣ።

10. መጽሔቱና ሙት ዓመቱ

የሰበሰባችሁትን ኮምፒውተር ውስጥ አታስቀሩት። ሽማግሌ ፋይል አይከፍትም። ትንሽ መጽሔት አሳትሙ። የእኛ 32 ገጽ ናት፤ በግማሽ የታጠፈ ኤ4፣ መሐሉ በሽቦ የተሰፋ። እንዲህ ላለው ጥራዝ የገጹ ብዛት ለአራት መካፈል አለበት፤ አለበለዚያ ማተሚያ ቤቱ ባዶ ገጽ ይጨምራል። 60 ኮፒ አወጣን።

ሥራውን ተከፋፈሉ፤ ርቀት እንቅፋት አይሁን። የዱባይዋ እህቴ ከሥራ በኋላ ሌሊት ሌሊት የተቀዳውን ድምፅ እየሰማች ጻፈች። ወንድሜ ፎቶዎቹን አስተካከለ። እኔ ዞሬ ጠየቅኩ። የእህቴ ልጅ ከለቅሶው ደብተር ስልክ እየፈለገች ደወለች። የሕይወት ታሪኩ ከአራት ገጽ አይብለጥ። ቀሪው የሰዎቹ ቃል ይሁን፤ እንደተናገሩት፣ ሳታሳምሩት። "ነበሩ፣ አደረጉ" እያልን ሽቅርቅር ባደረግነው የመጀመሪያ ረቂቅ ውስጥ አባዬ ጠፍቶ ነበር። ምርቃቱን ሙሉውን፣ በቅደም ተከተሉ ጻፉት። መጨረሻ ላይ አራት ገጽ ባዶ ተዉ።

ሙት ዓመቱ ጥር 5 ቀን 2016 ዋለ፤ እሑድ ነበር። ከቅዳሴ መልስ ቤት ተሰበሰብን። ዳቦ ተቆረሰ፣ መጽሔቷ ታደለች፣ የእህቴ ልጅ ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። አንድ ዘጠኝ ገጽ እንዳለፈች አጎቴ በከዘራው ወለሉን መታ። "ውሸት ነው! በቅሎዋ የእኔ ነበረች እንጂ የእሱ አይደለችም።" አክስቴ "የአባታችን ነበረች፣ ሁለታችሁም ሌቦች ናችሁ" አለች። እስከ ማታ ተከራከሩ። ማንም ቤቱ አልሄደም።

የእኔ ኮፒ ላይ ዘጠነኛው ገጽ በአጎቴ እጅ ጽሑፍ ታርሟል። ባዶዎቹ አራት ገጾችም የሉም፤ ሞልተዋል። ሁለተኛው እትም 40 ገጽ ይሆናል ብለናል፤ ለአራት ይካፈላል። በቅሎዋን በተመለከተ ሦስቱም ቃላቸው ይጻፍ ተብሏል።